በአካውንቲንግ ዲግሪ የፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ኦንላይን ማስተርስ መግባት ይቻላል? ለአንዲት የድሬዳዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ሳቢያን ነው። በ2013 ዓ.ም. በአካውንቲንግና ፋይናንስ በ2.91 ተመርቄ አንድ የግል ባንክ ብድር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬን ሳልለቅ፣ ከተማዬን ሳልለቅ በፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ኦንላይን ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ኮስት ሼሪንግ ስላልጨረስኩ በእጄ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊው የዲግሪ ወረቀት) እና ስቱደንት ኮፒ ነው። ሂሳብ ከፍሬሽማን በኋላ አልነካሁም። ጂ.አር.ኢ. (የማስተርስ መግቢያ ፈተናው) ግድ ነው? የእንግሊዝኛ ፈተናስ? ዲግሪው እዚህ አገር ይሠራል?»

ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይለመድ «አንቺ» እያልኩ ልመልስ።

በአካውንቲንግ ዲግሪ መግባት ይቻላል። ዛሬ ማታ ቅጹን ብትሞዪ ግን የሚጥልሽ ሂሳቡ ነው። ወረቀቱም ከምታስቢው በላይ ወራት ይበላል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ጀምሪ፤ ቀን በምሳ ሰዓት ወረቀቱን፣ ማታ ሂሳቡን።

በመጀመሪያ የምትፈልጊው ትምህርት ይኼ መሆኑን አረጋግጪ። ፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ የኤም.ቢ.ኤ. ፋይናንስ ከፍ ያለ ስም አይደለም። ለኦፕሽንና ለፊውቸርስ (ወደፊት በተወሰነ ዋጋ ለመግዛት ወይም ለመሸጥ ዛሬ ለሚገቡ ውሎች) ዋጋ ማውጣት፣ የገበያ ስጋትን በቁጥር መለካት፣ ፖርትፎሊዮ መገንባት፣ ይህን ሁሉ ደግሞ በኮድ መሥራት ነው። የሒሳብ መዝገብ መዝጋትና የፋይናንስ መግለጫ ማንበብ የለበትም ማለት ይቻላል። የብድር ክፍል ልምድሽ የሚጠቅምሽ በክሬዲት ሪስክ (ብድር ሳይመለስ የመቅረት ስጋት) በኩል ነው። ፕሮግራሞቹን ስትፈልጊ በአንድ ስም ብቻ አትፈልጊ፤ ኳንቲቴቲቭ ፋይናንስ፣ ማቲማቲካል ፋይናንስ፣ ኮምፒውቴሽናል ፋይናንስ የሚባሉት ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ኦንላይን ከሚሰጡት ውስጥ ላንቺ ሁኔታ በሁለት ጎራ ከፍለሽ ተመልከቻቸው።

አንደኛው ነጻው ነው። ወርልድኳንት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም የፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ማስተርሱን ያለ ትምህርት ክፍያ፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ይሰጣል። ዕውቅናውን የሰጠው የርቀት ትምህርት ዕውቅና ኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑ ደግሞ በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር የታወቀ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዢው፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። የመግቢያ መስፈርቱ አጭር ነው፦ በማንኛውም መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ፣ እና የቁጥር ችሎታ ፈተና ላይ ቢያንስ 75 በመቶ። ከገባሽ በኋላ ኮርሶቹ ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ከፋይናንስ ገበያዎች ተነስተው በኢኮኖሜትሪክስ፣ በዴሪቬቲቭ (እንደ ኦፕሽን ያሉ ውሎች) ዋጋ አወጣጥ፣ በስቶካስቲክ ሞዴሊንግ (በዕድል የሚለዋወጥን ነገር በሂሳብ መግለጽ) እና በማሽን ለርኒንግ አልፈው በመመረቂያ ፕሮጀክት ያልቃሉ። ጊዜው 2 ዓመት ግድም ነው። የቡድን ሥራ አለው፤ አንዱ አባል ሌጎስ፣ አንዱ ሙምባይ ሊሆን ይችላል።

«ማንኛውም መስክ» የሚለውን አንብቦ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ማስታወቂያው የሚለው የዲግሪውን ዓይነት አንጠይቅም ነው፤ ሂሳብ አንጠይቅም አላለም። የነጻው ፕሮግራም ማጣሪያ ያቺ የ75 በመቶ ፈተና ናት፤ ፈተናዋን አልፈው የገቡም ቢሆኑ የሂሳብ መሠረታቸው ስስ ከሆነ ስቶካስቲክ ሞዴሊንግ ላይ ሲደርሱ ይንጠባጠባሉ።

ሁለተኛው ጎራ የሚከፈልበት ነው። የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ፋይናንሻል ኢንጂነሪንግን በኦንላይን ይሰጣል፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውቴሽናል ፋይናንስና ሪስክ ማኔጅመንት እንዲሁ። ክፍያው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ በብር ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም፤ ያለ ስፖንሰር ጊዜሽን አታባክኚበት። የሚጠይቁትን ማወቁ ግን ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ነጻው ፕሮግራም በአንድ ፈተና የሚለካውን እነዚህ በትራንስክሪፕት ይለኩታል፦ ካልኩለስ እስከ ብዙ ተለዋዋጭ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፣ ብዙውን ጊዜም ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንና አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ። ከዚያ ላይ ከ2 እስከ 3 የድጋፍ ደብዳቤ፣ የዓላማ መግለጫ፣ ሲቪና የማመልከቻ ክፍያ ይጨመራል።

የ2.91 ጉዳይ። የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከ3.00 በታች ሲሆን ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ነጻው ላይ ግን በተዘረዘረው መስፈርት ውስጥ የጂ.ፒ.ኤ. ወለል የለም። ቅጽ ላይ ስትሞዪ «2.91 ከ4.00» ብለሽ እንዳለ ጻፊ፤ ወደ መቶኛ ለመለወጥ አትሞክሪ። «72.75 በመቶ» ብሎ የጻፈ አመልካች ትራንስክሪፕቱ ላይ የሌለ ቁጥር ስላመጣ ጥያቄ ይጋብዛል። ለመራጩ ኮሚቴ ከድምሩ ይልቅ ስታቲስቲክስና የማኔጅመንት ሂሳብ ላይ ያገኘሽው ፊደል ያወራል። እነሱ ላይ ሲ ካለሽ ዝም ብለሽ አትለፊው፤ በቅርብ የወሰድሽውና ውጤት ያለው የሂሳብ ኮርስ ሰርተፊኬት አያይዢ።

ጂ.አር.ኢ.ን በተመለከተ፦ ለነጻው አያስፈልግም። ከሚከፈልባቸው ብዙዎቹም አማራጭ አድርገውታል። ሆኖም ጂ.ፒ.ኤ.ሽ ዝቅ ያለና ትራንስክሪፕትሽ ሂሳብ የሌለው ከሆነ «አማራጭ» የሚለውን ቃል ላንቺ አልተጻፈም ብለሽ አንብቢው። ፈተናው ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 2 ሰዓት ዝቅ ብሏል፤ የሂሳቡ ክፍል 27 ጥያቄ በ47 ደቂቃ ነው፣ ነጥቡ ከ130 እስከ 170 ይሄዳል፣ ዋጋው 220 ዶላር፣ ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል። በዚህ መስክ ከ165 በታች የሆነ የሂሳብ ነጥብ ማመልከቻን ከፍ አያደርግም። በአንጻሩ የጂ.አር.ኢ. ሂሳብ የ10ኛ ክፍል ሂሳብ በፍጥነት ነው። ካልኩለስ የለውም። ስለዚህ ለጂ.አር.ኢ. መዘጋጀት ለቁጥር ችሎታው ፈተና መዘጋጀት አይሆንም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሂሳቡ። ምን ዓይነት አስተሳሰብ እንደሚጠበቅብሽ በምታውቂው ነገር ላሳይሽ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዶላር ዋጋ ዓርብ ከነበረበት 57.48 ብር ሰኞ ወደ 74.73 ብር ዘለለ። ለውጡ ስንት ነው? ባንክ ቤት ያለ ሰው 74.73ን ለ57.48 አካፍሎ «30 በመቶ» ይላል። ልክ ነው፤ ዶላር በ30 በመቶ ተወደደ። ብር ግን በ30 በመቶ አልወደቀም። 57.48ን ለ74.73 ስታካፍዪ 0.769 ይመጣል፤ ብር የወደቀው 23.1 በመቶ ነው። የቁጥር ችሎታው ፈተና ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር ይፈልጋል፦ የ1.30 ናቹራል ሎግ፣ 0.262። ይህ ሎግ ሪተርን ይባላል። የሚወደድበት ምክንያት ከብር በኩል ሆነሽ ብታሰይው ያው 0.262 ሆኖ ምልክቱ ብቻ ወደ ኔጌቲቭ መቀየሩ ነው፤ የየቀኑንም ደምረሽ የወሩን ታገኚበታለሽ። ተራውን መቶኛ ግን መደመር አይቻልም፦ 50 በመቶ አትርፎ 50 በመቶ የከሰረ ሰው 100 ብሩ 75 ሆኗል እንጂ እኩል አልወጣም። ሦስቱን ቁጥሮች ለይታ የትኛው መቼ እንደሚያገለግል የምትናገር አመልካች የፈተናውን መንፈስ ይዛለች።

ሁለተኛ፣ ስታቲስቲክስ። ሁለት ንብረት አለሽ እንበል፤ የአንዱ መዋዠቅ 10 በመቶ፣ የሌላው 20 በመቶ፣ ኮሪሌሽናቸው (አብረው የመንቀሳቀሳቸው መጠን) 0.3፤ ገንዘብሽን እኩል ከፍለሽ አስገባሽ። የጠቅላላው መዋዠቅ ስንት ነው? ፈጣኑ የተሳሳተ መልስ አማካዩ፣ 15 ነው። ትክክለኛው መንገድ ቫሪያንስ (የመዋዠቁ ስኩዌር) ላይ መሥራት ነው፦ 0.25 በ0.01 ሲባዛ 0.0025፤ 0.25 በ0.04 ሲባዛ 0.01፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ተሻጋሪ ደግሞ 2 በ0.5 በ0.5 በ0.3 በ0.1 በ0.2 ሲባዛ 0.003። ድምሩ 0.0155፣ ስኩዌር ሩቱ 12.45 በመቶ። ከ15 ወደ 12.45 የወረደው በኮሪሌሽኑ ምክንያት ነው። ፈተና ላይ ሰው ነጥብ የሚጥለው ተሻጋሪውን ሲረሳ ወይም 2ቱን ሳያባዛ ሲቀር ነው። ይህንኑ በማትሪክስ ጽፈሽ ማስላት ካቃተሽ ሊኒየር አልጀብራ ገና ነሽ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ውስጥ ገብተሽ በመጀመሪያዎቹ ወራት የምታገኚው፣ ለአካውንታንት ጭንቅላት ደግሞ በጣም የሚያስቸግረው። ዛሬ 100 የሆነ አክሲዮን ከዓመት በኋላ ወይ 120 ወይ 90 ይሆናል። ወለዱ 5 በመቶ ነው። በ100 የመግዛት መብት የሚሰጥ ኦፕሽን ዛሬ ስንት ያወጣል? «የመውጣት ዕድሉ 70 በመቶ ነው» ብሎ ቢነግርሽ አንድ ሰው፣ 0.7 በ20 አባዝተሽ በ1.05 አካፍለሽ 13.33 ትያለሽ። ስህተት ነው። ለምን? የአክሲዮኑን ሁለት ሦስተኛ በ66.67 ግዢ፣ 57.14 ተበደሪ፤ ከኪስሽ የወጣው 9.52 ብቻ ነው። ዋጋው 120 ከሆነ በእጅሽ 80 አለ፣ ዕዳሽ 60፣ ቀሪው 20፤ 90 ከሆነ 60 አለ፣ ዕዳሽ 60፣ ቀሪው ዜሮ። ኦፕሽኑ የሚከፍለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዋጋው 9.52 ነው፤ 13.33 የከፈለ ሰው 3.81 ለሻጩ በነጻ ሰጠ። 70 በመቶው የትም አልገባም። ለምን እንዳልገባ እስኪገባሽ ድረስ በወረቀት ደጋግሚው፤ የኮርሱ ግማሽ በዚህች ላይ የተሠራ ነው።

ኮዱ ፓይተን ነው። ከዜሮ የምትጀምሪ ከሆነ ላፕቶፕሽ ደካማ ቢሆንም አይጨንቅሽ፤ ጉግል ኮላብ በብራውዘር ይሠራል። ጀማሪን የምትጥል አንዲት ምሳሌ፦ 2፣ 4 እና 6 የሚሉትን ቁጥሮች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነምፓይና ፓንዳስ ከሚባሉት የፓይተን መሣሪያዎች በነምፓይ ብታሰዪ 1.63፣ በፓንዳስ ብታሰዪ 2 ይሰጥሻል። አንዱ ለ3፣ ሌላው ለ2 ስለሚያካፍል ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የማን ናሙና እንደሆነ ያላሰበው ተጠቃሚው ነው።

ለዝግጅት 18 ሳምንት በሳምንት 10 ሰዓት ያስፈልግሻል፤ ባንክ የሚሠራ ሰው በሥራ ቀን 1 ሰዓት፣ እሁድ 5 ሰዓት ቢሰጥ ቅዳሜ ለዘመድ ይተርፈዋል። የመጀመሪያዎቹን 5 ሳምንታት ለካልኩለስ፦ የሰንሰለት ሕግ፣ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ፣ ኢንተግራል፣ የቴይለር ተከታታይ። ቀጣዮቹን 4 ለሊኒየር አልጀብራ፤ የባለ 2 በ2 ማትሪክስ አይገንቫሊውን ያለ ካልኩሌተር እስክታወጪ። ከዚያ 6 ሙሉ ሳምንት ለፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፤ እዚህ ላይ አትቸኩዪ፣ የቤይስ ሕግ፣ ኖርማል ስርጭት፣ ሬግሬሽንና የሃይፖቴሲስ ፈተና ተደጋግመው ይመጣሉ። የመጨረሻዎቹን 3 ሰዓት እየያዙ ጥያቄ ለመሥራት። ፓይተንን ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን ግማሽ ሰዓት ጎን ለጎን አስኪጂው። ኤም.አይ.ቲ. በነጻ ካስቀመጣቸው ኮርሶች 18.06 ለሊኒየር አልጀብራ፣ 18.02 ለብዙ ተለዋዋጭ ካልኩለስ፣ 18.05 ለፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ ይበቁሻል። ቪዲዮ ያላቸውን ሌሊት በርካሹ ፓኬጅ አውርጂያቸው። ቪዲዮ ማየት ግን ማጥናት አይደለም፤ የቤት ሥራውን ሳትሠሪ ያየሽው ትምህርት በሦስተኛው ቀን ይጠፋል።

ፈተናውን ለመሞከር ብቻ ብለሽ ሳትዘጋጂ አትግቢ። የሙከራ ብዛትና በመሃል የሚጠበቀው ጊዜ የተገደበ ስለሚሆን ሕጉን ከፈተናው ገጽ አንብበሽ፣ በቤት ልምምድ በተከታታይ 85 በመቶ ስታገኚ ግቢ። 75 እያገኙ 75 ለሚጠይቅ ፈተና መቀመጥ ሎተሪ ነው።

ወረቀቱ። ያለ ኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ዋናው ዲግሪም አይወጣም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለመጀመሪያ ግምገማ የስቱደንት ኮፒና የቴምፖ ስካን ይቀበላሉ፤ ለመጨረሻው ምዝገባ ግን ኦፊሻሉን ይጠይቃሉ። ስለዚህ የባንካችሁ የሰው ኃይል ክፍል እስከ ዛሬ ከደሞዝሽ ስንት ቆርጦ እንዳስገባ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቂ፤ ውልሽ ላይ ካለው ጠቅላላ ዕዳ ቀንሺ፤ ቀሪውን ባንዴ ከፍለሽ ከገቢዎች የክሊራንስ ደብዳቤ ያዢና ወደ ተመረቅሽበት ሬጅስትራር ሂጂ። የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የቀየረ ሰው ነው፦ የቀድሞው አሠሪ የቆረጠው በስሙ መግባቱ ካልተረጋገጠ ደረሰኝ ፍለጋ ወር ያልፋል። ሥራ ቀይረሽ ከሆነ ከሁለቱም ቦታ ደብዳቤ አምጪ።

ሬጅስትራር ስትሄጂ በአንድ ጉዞ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ፣ እና የኮርስ ዝርዝር መግለጫ። የታሸገውን ኤንቨሎፕ በምንም ምክንያት አትክፈቺ፤ ከተከፈተ ተራ ወረቀት ነው። ለራስሽ የሚቀረውን ቅጂ ፊትና ጀርባውን ስካን አድርጊ። ጀርባው ላይ ያለው የውጤት አሰጣጥ ማብራሪያ ነው፣ እሱ ከጎደለ ማመልከቻው «ያልተሟላ» ተብሎ ይቆማል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ጥላ ስላለው አትጠቀሚ፤ በ300 ዲ.ፒ.አይ. ስካን አስደርጊ።

በ2013 የወጣሽ ስለሆንሽ ዲግሪሽ የ3 ዓመት ነው። ለነጻው ፕሮግራም ዲግሪው ዲግሪ ነው። የ4 ዓመት ዲግሪ ለሚጠይቅ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ግን የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት ይህን በኢሜይል ጠይቂ፤ ብዙዎቹ በኮርስ ደረጃ የተሠራ የውጭ ማስረጃ ግምገማ ያዙሻል፣ እሱም ገንዘብና ጊዜ ነው።

ስም። በእኛ አካባቢ ይህ ነገር ከሂሳቡ ያላነሰ ሰው ያሰናክላል። ፋጡማ በትራንስክሪፕት ላይ በዩ፣ በፓስፖርት ላይ በአይ ትጻፋለች፤ መሐመድ አንዱ ጋ በኦ፣ አንዱ ጋ በዩ፣ ሌላው ጋ በሁለት ኤም። ለእኛ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው። መለኪያው ፓስፖርት ነው፦ ማመልከቻውን፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን፣ ኢሜይሉን ሁሉ በፓስፖርቱ አጻጻፍ አድርጊ። ትራንስክሪፕቱ ከተለየ ከመታተሙ በፊት ሬጅስትራሩን አነጋግሪ፤ ከታተመ በኋላ ከሆነ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የተረጋገጠ ሰነድ አያይዢ። የቤተሰብ ስም የሚለው ሳጥን ውስጥ የአያትሽን ስም አስገቢ፣ የመጀመሪያውና የመካከለኛው ያንቺና የአባትሽ ይሁኑ፤ አንድ ጊዜ የመረጥሽውን ግን በሁሉም ቦታ እኩል ጻፊ። ፓስፖርት ከሌለሽ ከሁሉ ነገር ቀድመሽ እሱን አውጪ።

የልደት ቀንም እንዲሁ። 7 ዓመት ነው 8 የሚጨመረው? መስከረም 20 ቀን 1990 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ መስከረም 30 ቀን 1997 ናት፤ ጥር 20 ቀን 1990 የተወለደችው ግን ጥር 28 ቀን 1998። ሁለቱንም በ8 ደምሮ የጻፈ ጸሐፊ አንዷን በአንድ ዓመት አሳንሷታል። ፓስፖርትሽ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ካለ ፓስፖርቱን ተከተዪ፣ አለዚያም ከማመልከትሽ በፊት አስተካክዪ።

የእንግሊዝኛው ጉዳይ ቀላል ነው። የትምህርት ቋንቋ ደብዳቤውን የሚቀበል ከሆነ እሱ ይበቃል። ካልተቀበለ ዱዎሊንጎ ከቤት የሚወሰድ፣ ርካሹና ውጤቱ በ2 ቀን የሚደርስ ነው፤ አይልትስ ከሆነ አዲስ አበባ መሄድ አለብሽ፣ በአብዛኛው የሚፈለገውም 6.5 ነው። ሁለቱም የሚያገለግሉት 2 ዓመት ስለሆነ ሂሳቡ ሳይደርስ ቀድመሽ አትፈተኚ።

ከቤት የሚወሰድ ፈተና ሰዓት ምረጪ። ከሱብሒ በኋላ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ለድሬ ምርጥ ነው፦ ሙቀቱ አልወጣም፣ ሰፈሩ አልተነሳም፣ ኔትወርኩ አልተጨናነቀም። ከሰዓት በኋላ ከተማው ጸጥ ቢልም ያለ ቬንቲሌተር አይቀመጡም፣ የቬንቲሌተሩ ድምፅ ደግሞ ማይክራፎኑን ይረብሻል። ሰው ክፍሉ ከገባ፣ ዓይንሽ ከስክሪኑ ደጋግሞ ከራቀ፣ ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ ካለ ፈተናው ይሰረዛል። በሩን ቆልፊ፣ ለቤተሰቡ ንገሪ። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፤ ከዋናው መስመር ሌላ በስልክ ሆትስፖት ተጠባባቂ ያዢ፣ ከሌላ ኩባንያ ሲም። ሳፋሪኮም ኔትወርኩን በኢትዮጵያ ገና ሲጀምር በነሐሴ 2014 የከፈተው እዚሁ ድሬ አይደል፣ ተጠቀሚበት አቦ።

የማመልከቻ መዝጊያ ሰዓትን በኛ ሰዓት ቀይሪው። በኒውዮርክ ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት 11፡59 ማለት በበጋቸው በማግስቱ ንጋት 12፡59፣ በክረምታቸው ጠዋት 1፡59 ነው። ቢሆንም የመጨረሻው ሌሊት ላይ አትድረሺ፤ መብራት የሚጠፋው ያን ዕለት ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጠይቁት፦ አንዱን ከስታቲስቲክስ ወይም ከፋይናንስ መምህርሽ፣ አንዱን ከቅርብ አለቃሽ። ደብዳቤው ከተቋም ኢሜይል ይላክ፤ ከግል ጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ይጠረጠራል። «ታታሪና ሰዓት አክባሪ ናት» የሚል ደብዳቤ ለዚህ መስክ ባዶ ነው። አለቃሽ የብድር ማመልከቻ ምዘና በኤክሴል ሠርታለች፣ እንዲህ ያለ ስህተት አግኝታለች ብሎ በቁጥር ይጻፍ።

የዓላማ መግለጫው ላይ ለአፍታ ልቆይ፣ ምክንያቱም የድሬ ልጅ እዚህ ላይ ማንም የሌለው ጥሬ ዕቃ አላት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፋይናንስ ፍቅር ነበረኝ» ብለሽ አትጀምሪ። የሐረር ቡና ላኪን ውሰጂ። ቡናውን በብር ይገዛል፣ በዶላር ይሸጣል፤ ከግዢው እስከ ጅቡቲ ጭነት ድረስ ሁለት ዋጋ ይንቀሳቀስበታል፦ የኒውዮርክ የቡና ዋጋና የምንዛሪው። የኒውዮርክ የአረቢካ ፊውቸርስ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ፣ 17 ቶን ግድም ነው፤ 320 ባለ 60 ኪሎ ከረጢት የያዘ አንድ ኮንቴይነር ግን 19.2 ቶን። አንድ ውል ይጎድላል፣ ሁለት ይበዛል። በዚያ ላይ ውሉ የታጠበ አረቢካ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የሐረር ቡና በፀሐይ የደረቀ ነው፤ ሁለቱ ዋጋዎች ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፣ ይህ ቤዚስ ሪስክ ይባላል። ስንት ውል ቢገዛ ወይም ቢሸጥ መዋዠቁ ከሁሉ ያንሳል? ይህች ጥያቄ የሬግሬሽን ጥያቄ ናት። ለዚህ ላኪ ያበደረው ባንክ ውስጥ የምትሠራ ሰው በ600 ቃላት ይህን ብትጽፍ ኮሚቴው ያነባታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ መጀመሩንም በአንድ መስመር አንሺው፣ ከዚያ በላይ ግን አታስረዝሚው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ እዚህ አገር ይሠራል ወይ የሚለው። የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዲግሪውን ይዘሽ ሳይሆን ከመመዝገብሽ በፊት ሂጂ። የትምህርት ቤቱን ስም፣ ዕውቅና የሰጠውን አካል ስም፣ ያ አካል በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር የታወቀ መሆኑን የሚያሳይ ገጽ፣ የፕሮግራሙን ርዝመትና ሙሉ በሙሉ ኦንላይን መሆኑን ሳትደብቂ በአንድ ገጽ ማመልከቻ አቅርቢና መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ። በመስኮት የተነገረ «ችግር የለውም» ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም አያስታውሰውም። በተመሳሳይ ለባንካችሁ የሰው ኃይል ክፍል፣ ለደረጃ ዕድገት አቻ ግምት ይጠየቃል ወይስ ዲግሪው ብቻ ይበቃል የሚለውን ጻፊ። ባንኩ የሚፈልገው ዕውቀቱን ብቻ ከሆነና አንቺም ወደ ሪስክ ክፍል ለመዛወር ከሆነ የምታስቢው፣ የባለሥልጣኑ መልስ እስኪመጣ ሂሳቡን አታቁሚ። ዛሬ ማታ በሰንሰለት ሕግ ጀምሪ።